በርዝመቱ

የኮንክሪት መቁረጫው አራተኛውን ጎን ጨርሶ ዝም ሲል ከግንቡ ፊት የቆሙት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ፎርማኑ ብቻ ካለበት አልተነቃነቀም። ደፍሮ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑ ቁራጩ ላይ ተተክሎ ነው። ሁለት ሠራተኞች ቁራጩን በመሮ ፈልቅቀው ሲያወርዱት፣ በግንቡ ሆድ ላይ የመስኮት ያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ከቆሙት ሰባት ሰዎች መካከል በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ምን እንደሚታይ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ካወቀም ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ሰው የሚጠራው «ውሃ ልክ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣለት ዓይኑ ነው፤ መሣሪያ ሳያስጠጋ የግድግዳን መዝመም በጣት ስፋት ይነግርሃል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት መቃኑን የሚያይ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን የሚለካ ፍጡር ነው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ እሱ እትዬ የሚላት፣ «የእኔን ባል ገና በመጀመሪያው ቀን አይቶ ጠማማ ነው ብሎኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የሰማው የለም» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። እንግዲህ ይህ ሰው ያሠራው ግንብ ነው ሆዱን ገፍቶ የቆመው።

ግንቡ ሰባት ሜትር ከፍታ አለው። ከላዩ የመኪና መንገድ ያልፋል፤ ከሥሩ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የጤና ጣቢያው የወላዶች ክፍል ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ግንብ ከፊት ለሚያየው ኮንክሪት ይምሰል እንጂ ኮንክሪቱ፣ ፓኔል የሚሉት ሰሌዳ፣ ልብስ ነው። የሚሸከመው ከኋላው ያለው አፈር ራሱ ነው። አፈር ይሞላል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል፣ በላዩ የፕላስቲክ መረብ ይነጠፋል፤ ደግሞ አፈር፣ ደግሞ መረብ፣ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ጊዜ። መረቡ በአንድ ጫፉ የግንቡን ፊት ይይዛል፣ በሌላው ጫፉ አምስት ሜትር ወደ ውስጥ ተቀብሮ አፈሩን እርስ በርሱ ያስተሳስረዋል። ውሃ ካልገባበትና መረቡ በደንቡ ከተነጠፈ ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይቆማል።

ይሄ ግን ከተሠራ ገና በሁለተኛው ክረምት ከመሃሉ ማበጥ ጀመረ። ያኔ ስንጥቁን በሲሚንቶ መረጉለት፣ ቀለም ቀቡት፣ ሄዱ። ባለፈው ክረምት እብጠቱ ከአሥራ አንድ ሳንቲሜትር ወደ አሥራ ዘጠኝ ዘለለ፤ ከላይ በመንገዱ ዳር፣ መረቡ ከሚያልቅበት አካባቢ፣ ግንቡን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ታየ። ሁለት ክፍሎች ተዘጉና የወለዱ እናቶች ኮሪደር ላይ መተኛት ጀመሩ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ግንቡን «ነፍሰ ጡሯ» ብላዋለች። እኔ ዘንድ የመጣች ሁሉ በዘጠነኛው ወሯ ትገላገላለች፣ ይቺ ግን ሰባት ዓመት ሆዷን ይዛ ትዞርብኛለች ብላ ለመሐንዲሷ ስትነግራት ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ውሃ ልክም አብሮ ሳቀ።

መሐንዲሷ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቁጥብ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ልጅ ናት። ከአማካሪ መሥሪያ ቤት የተላከችው ከአንድ ወር በፊት ነው። የድሮውን ሪፖርት አንብባለች፤ ሪፖርቱ «ሮለሩ አፈሩን በሚገባ ባለመጠቅጠቁ» ይላል። እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ከፊት ለፊት እየቦረቦሩ ረጃጅም ብረት ወደ አፈሩ መስደድ፣ ብረቱን በሲሚንቶ ማሰር፣ ፊቱን በብረት ሳህን መያዝ፣ ከላይ የሚያፈሰውን የመንገድ ቦይ መጠገን። እሷ ግን ሪፖርት ከማመን ዓይን ማመን ይሻላል አለችና ቀዳዳው ይከፈትልኝ አለች።

አሁን የስልኳን መብራት አብርታ አንገቷን ወደ ቀዳዳው አስገባች። እጇን ሰዳ አፈሩን ቆነጠረችና አወጣች፤ ርጥብ ነው፣ በጣቶቿ መካከል እንደ ሊጥ ተሳበ። ውሃ ልክ መጠርጠሯን ያወቀው ለሁለተኛ ጊዜ ስታጎነብስና ሳትነሳ ስትቆይ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ» አለችው።

መጣ። የመረቡ ቀዳዳዎች ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፣ እንደ ባቄላ ቅርፊት። ረጃጅሞቹ ክሮች ከግንቡ ፊት ተነሥተው ወደ አፈሩ ጥልቀት መሄድ ሲገባቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ግንቡን ተከትለው ተኝተዋል።

«ጉልበቱ ያለው በረጅሙ ክር ነው» አለች መሐንዲሷ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሟት። «ረጅሙ ክር ደግሞ ወደ ጎን ነው የሄደው። ታዲያ ይሄን ግንብ እስከ ዛሬ የያዘው ምንድነው?»

«ቀጭኑ» አለ ውሃ ልክ።

«ቀጭኑማ ሩቡን አይሸከምም።»

«አይሸከምም» አለ።

ብረት ብቻ እንደማያድነው ሁለቱም ገባቸው። ካበጠው ክፍል፣ ከአሥራ አራተኛው እስከ ሃያ ሦስተኛው ፓኔል ድረስ፣ ግንቡ ከላይ እስከ ታች ንጣፍ በንጣፍ ይፈታል፤ ጭቃ የሆነው አፈር ተዝቆ በገረጋንቲ ይተካል፣ ከፓኔሎቹ ጀርባ ጠጠርና የውሃ ቱቦ ይገባል፣ መረቡ እንደ አዲስ በትክክለኛው አቅጣጫ ይነጠፋል። መሐንዲሷ ይህን ሁሉ ቆማ በአንድ ትንፋሽ ነገረችውና ቀዳዳው በእንጨት እንዲደገፍ አዛ ወደ ቢሮ አመራች። ቢሮ የሚሉት አሮጌ ኮንቴይነር ነው፤ ከውስጡ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የፋይል መደርደሪያና የማይዘጋ መስኮት አለ። እሱም ተከተላት። የድሮው ፋይል ሙሉውን መጥቷልና ማን ምን እንዳዘዘ እንየው ብላዋለች።

የምታገኘውንም ያውቃል። በገዛ እጁ የጻፈው ነው።

ግንቡ ሲሠራ አብራው የምትሠራ አንዲት ሮለር ነጂ ነበረች። ሠራተኛው «ቀስ በቀስ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ሮለሯ ስለሚያዘግም ብቻ አይደለም፤ ፍጠኚ ያላትን ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ስለምትመልስ ነው። ወደ አርባ የተጠጋች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። በምሳ ሰዓት ከሮለሩ ጥላ ሥር ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። መጀመሪያ ሠራተኛው አፌዘባቸው፤ ሲቆይ ለመደውና ቦታውን ለቀቀላቸው። እትዬ ቤትም ሦስት ጊዜ ሄዳለች። በሦስተኛው እትዬ በር ድረስ ሸኝታት ስትመለስ ለወንድሟ፣ ይቺንስ ለካሃት ወይ አለችው፤ ለክቻታለሁ አለ፤ ታዲያ አለችው፤ ቀጥ ያለች ናት አላት። በእሱ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም።

ግንቡ ሲያልቅ ሊጋቡ ተስማምተው ነበር። የሚከራይ ሁለት ክፍል ቤት አይተዋል፤ ከፊቱ የውሃ ቧንቧ፣ ከጓሮው ለአንድ ወንበር የሚበቃ ቦታ ነበረው። ቀስ በቀስ የውስጠኛውን ክፍል በእርምጃዋ ለካችና አልጋው በዚህ በኩል ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊታችን ላይ ትወጣለች አለች። እሱ ያለ ሜትር መለካት ሥራው ሆኖ ሳለ እሷ ስትለካ ዝም ብሎ አያት። ዛሬም ድረስ በዚያ ቤት በኩል ሲያልፍ መስኮቱን ቀና ብሎ ያያል። ሌሎች ሰዎች ይኖሩበታል፣ አልጋውን የት እንዳደረጉት አያውቅም።

እስከ ሦስተኛው ንጣፍ ድረስ ያነጠፉት መረብ ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነበር፤ በየትም በኩል ቢዘረጋ ጉልበቱ አንድ ነው። ያ አለቀና አራተኛው ንጣፍ ላይ ሌላ ዓይነት መጣ። ዝናብ ደጅ ላይ ቆሟል፣ አለቆች በየሰዓቱ የት ደረስክ ይላሉ። ውሃ ልክ ከጥቅሉ ጋር የመጣውን ወረቀት ገረፍ አድርጎ አየና ለሠራተኞቹ «በርዝመቱ ዘርጉት» ብሏቸው ሊሄድ ዞረ።

በርዝመቱ። በማን ርዝመት? በመረቡ ከሆነ ጥቅሉ ከግንቡ ፊት ተነሥቶ ወደ አፈሩ ውስጥ ይዘረጋል፣ በየአምስት ሜትሩ ይቆረጣል፣ ደግሞ ከጎኑ ሌላ፤ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። በግንቡ ከሆነ ጥቅሉን ከዳር እስከ ዳር እያንከባለሉ መሄድ ነው፣ ማንም ይወደዋል። የቃሏ መጨረሻ ላይ ያለችው «ቱ» የማን እንደሆነች አልተናገረችም።

ከሠራተኛው ሁሉ ይህን የታዘበችው ቀስ በቀስ ናት። ሮለሩን አቁማ ወረደችና ከኋላው ጠራችው።

«በማን ርዝመት ነው? በመረቡ ነው በግንቡ?»

እሱ አላሰበበትም ነበር። እውነቱን ለመናገር ተመልሶ ወረቀቱን ማየት ነበረበት። ግን አንዱ ሠራተኛ፣ ሮለሯን ትታ ፎርማን ሆነች አለና ሁሉም ሳቁ፤ ሌላው፣ ገና ሳይጋቡ ታዘው ጀመር አለ፤ ሳቁ ጨመረ። ውሃ ልክ የተባለ ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አላውቅም፣ አይቼ ልምጣ» ማለት ሞት መሰለው።

«ርዝመት ርዝመት ነው» አላት። «አንቺ ሮለርሽን ንጂ።»

ሠራተኞቹም የቀለላቸውን ሠሩ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ንጣፍ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ለሌላ ነገር ሲፈልግ ሥዕሉን አየው፤ ቀስቱ ወደ አፈሩ ውስጥ ያመለክታል። ወጣና ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትዘረጉት ብሎ አሳያቸው። ለምን ተለወጠ ብሎ የጠየቀው የለም። የተቀበረውን ማውጣት ሌላ ሦስት ቀን ነው፤ ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ካሉለት ሦስቱ ምን ያመጣሉ ብሎ ራሱን አባበለ። ሆድ ይፍጀው አለ። የእሱ ሆድ ፈጀው፤ የግንቡ ሆድ ግን እምቢ አለ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስን በዓይኗ ማየት ከበደው። እሷ መረቡ መዞሩን አይታለች፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሳችበትም፤ ራሱ እስኪያነሳው ጠበቀችው። ግንቡ አለቀ። ቤቱን እንከራይ ስትለው ክረምቱ ይለፍ አላት፤ ክረምቱ ሲያልፍ እትዬን አሟታል አላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለተኛው ክረምት ገባና ግንቡ አበጠ።

አጣሪዎች መጡ። ከፓኔሎቹ ጀርባ ያለውን አፈር ወጋ ወጋ አድርገው ልል ነው አሉ። የየትኛውም ግንብ የፊት አንድ ሜትር ልል ነው፣ ከባድ ሮለር እስከዚያ ድረስ አይጠጋማ፤ ግን ጥፋቱን የሚያሸክሙት ሰው ለቸገራቸው ሰዎች ጥሩ መልስ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቶ በጠረጴዛው ዙሪያ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ፎርማኑን፣ ሮለሩ በደንብ ሠርቷል ብለህ ትፈርማለህ ወይ አለው። ቀስ በቀስ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ነበር።

«ሁሉን ቀን አጠገቧ አልነበርኩም» አለ ውሃ ልክ።

ውሸት አይደለም። ለዚህ ነው ያ ቃል እስከ ዛሬ ያልለቀቀው። እሷ የሮለሩን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ግቢው ውስጥ ሮጦ ደረሰባት። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢያይ ይሻለው ነበር።

«የጠየቅኩህን አልነገርኳቸውም» አለችው። «ያንተ ነው ብዬ ተውኩልህ።»

በሳምንቱ ከተማውን ለቀቀች። ሰባት ዓመት ሆነ። ጊዜ ያስረሳል የሚሉትን እሱም ጠበቀው፣ አልመጣም። ትናፍቀዋለች፤ ሌላ ቃል የለውም። በመንገድ ሥራ አጠገብ ሲያልፍ ሮለር ከሰማ ቆሞ ያዳምጣል፤ እያንዳንዱ ነጂ ወደ ኋላ ሲመልስ የራሱ አመል አለው፣ የእሷን ቢሰማ ከመቶ ይለየዋል። ከገልባጭ መኪና ሾፌሮች እያጠያየቀ የት እንዳለች ያውቃል። ባል እንዳላገባች ያውቃል፣ ጉልበቷን እንደሚያማት ሳይቀር ያውቃል። ስልኳን በቃሉ ይዞታል። አንድም ቀን አልደወለም። ደውሎስ ምን ሊላት ነው? እንዴት ነሽ ብሎ የሚጀመር ነገር አይደለም። እትዬ እንኳ ያቺ ልጅ የት ደረሰች ማለቱን ያቆመችው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃ መልስ ስታጣ ነው።

አሁን በኮንቴይነሩ ውስጥ መሐንዲሷ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ገጽ እየገለበጠች ነው። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመና ፊቷ ፈካ አለ።

«አገኘሁት። ‘አዲሱ መረብ በርዝመቱ እንዲዘረጋ ለሠራተኛው ትዕዛዝ ተሰጥቷል’ ይላል። የእርስዎ ጽሑፍ ነው አይደል? እሰይ። እርስዎ በትክክል አዘዋል፣ ገልብጠው ያነጠፉት ሠራተኞቹ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ብዬ አሰፍረዋለሁ።»

መሐንዲሷ ታከብረዋለች፤ ሳታስበው ነፃ ልታወጣው ነው። ያ የተበተነ ሠራተኛ ዛሬ የት ተፈልጎ ይገኛል? የሚከራከራት የለም። ውሃ ልክ መስመሯን ከላይ ሆኖ አያት። ጥርት ያለ፣ ያልዘመመ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ብሎ መጻፉን ረስቶት አያውቅም፤ ሁለት መልክ ያላት ቃል አንድ ቀን መጠለያ እንድትሆነው ያኔውኑ ሳይታወቀው ያስቀመጣት ይመስለዋል።

እሷ ግን ሌላ ደብተር ከፍታለች፤ የሮለር መዝገብ ነው። በየንጣፉ አጠገብ አራት ቋሚ ጭረት በአንድ አግድም ይታሠራል፣ ከጎኑ ሦስት ጭረት ይጨመራል፤ ስምንት ምልልስ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አልጎደለም። ከፓኔሎቹ ጀርባ በእጅ የሚገፋው መጠቅጠቂያ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ሳይቀር ተጽፏል፣ ያ የሮለር ነጂ ሥራ ሳይሆን። ደብተሩ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር፣ የከፈተው የለም።

«ይቺ ሴት ማን ናት?» አለች መሐንዲሷ። «ጥፋቱን የጫኑባት እሷ ላይ ነው እኮ። እንዲህ የሚሠራ ሰው አጥቼ ነው የምሰቃየው። የዛሬዎቹ ነጂዎች ሮለርን እንደ ታክሲ ነው የሚነዱት። ካለች ፈልገው ያምጡልኝ።»

ውሃ ልክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊት ለፊቷ መቀመጥ ልማዱ አልነበረምና ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ፣ ያ ቃል ሁለት ነው» አላት።

ነገራት። ከሥዕሉ ጀመረ፣ ወደ ሮለር ነጂዋ ጥያቄ ሄደ፣ «ርዝመት ርዝመት ነው» ያለውን አልዘለለም፣ የሠራተኛውን ሳቅ ግን ምክንያት እንዳይመስልበት በአጭሩ አለፈው። ስለ ሁለት ክፍሉ ቤት አልተናገረም። መሐንዲሷም ልጅ አይደለችም፣ ያልተባለውንም የሰማች ይመስላል። ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ ስክሪብቶዋን አገላበጠች።

«ይሄን ባይነግሩኝ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች።»

ፎርማንነቱን እንደሚያጣ፣ ጡረታው ሊደርስ ሦስት ዓመት ሲቀረው ስሙ በዚህ ሁኔታ ወረቀት ላይ እንደሚገባ አስረዳችው። አውቃለሁ አለ። ከእንግዲህ ግንቡ የሚጠገንበትን መንገድ የሚወስነው ይህ ወረቀት ነውና እውነቱ ይግባበት አለ። እሷም ጻፈች። ለእሱ ስታስብ፣ «በፎርማኑ የተሰጠው ትዕዛዝ ግልጽ ስላልነበረ» ብላ ጽፋ አነበበችለት።

«‘ግልጽ አልነበረም’ አይበል።»

«ታዲያ ምን ይበል?»

«ሮለር ነጂዋ በማን ርዝመት እንደሆነ ጠይቃዋለች፣ አልመለሰላትም፣ ስህተቱንም በአራተኛው ቀን አውቆ ደበቀ፣ ይበል። እንዲያ ነው የሆነው።»

እንዳለው ጻፈችው። አንብቦ ፈረመ። ፊርማው እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ከሌላ አሮጌ ወረቀት ጥግ ቀዶ የስልክ ቁጥር ጻፈላት፤ ስልኩን አውጥቶ እንዳልፈለገ፣ ቁጥሩን ከቃሉ እንደጻፈው መሐንዲሷ ልብ አለች።

«ይደውሉላታ እርስዎ።»

«የለም፣ አንቺ ደውይላት። ወረቀቱን መጀመሪያ አንብቢላት። ከዚያ ስለ ሥራው ጠይቂያት። እኔ ካለሁ አትመጣም፤ ስለ እኔ ከጠየቀችሽ ወደ ሌላ ሳይት ሄዷል በያት። እሄዳለሁም። ጤና ጣቢያው የሚያስፈልገው እሷን ነው።»

ይህን ሲል አስቦበት ነው፤ ያመነበት ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሰባት ዓመት ሊሰማው የተመኘውን ድምፅ በገዛ እጁ እያራቀው መሆኑን ያውቀዋል። በር ድረስ ሄዶ ነበር። ስልኩ ሲጠራ ሰምቶ መውጣት አቃተው፤ መስኮቱ ሥር ቆመ። መሐንዲሷ መጻፍ ስላለባት ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በሦስተኛው ጥሪ ተነሣ። መጀመሪያ የወጣው የሮለር ሞተር ድምፅ ነው፣ ከዚያ በላዩ የሰው።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል። ሌላው ሁሉ ያው ነው። ውሃ ልክ እጁን መስኮቱ ላይ ጣለ።

መሐንዲሷ ራሷን አስተዋወቀች፣ የትኛው ግንብ እንደሆነ ተናገረች። ከወዲያ ሞተሩ ይንዶቀዶቃል። ወረቀት ላነብልዎት ነው አለችና ከሪፖርቱ እነዚያን ሦስት መስመሮች ቀስ ብላ አነበበች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ ድምፁ።

ደገመችላት።

«ማን ነው የጻፈው?»

«ራሱ ነው የተናገረው። እኔ ጻፍኩት፣ እሱ ፈረመበት።»

መሐንዲሷ ዝምታ ስትፈራ የሥራ ነገር ታወራለች፤ ግንቡ እንደሚፈታ፣ ንጣፉ በገረጋንቲ እንደሚሞላ፣ የሮለር መዝገቧን አይታ እንደተደነቀች፣ እሷ እንድትመጣላት እንደምትፈልግ በተከታታይ ነገረቻት። ሥራው መቼ ይጀመራል አለች ከወዲያ ያለችው፤ በሁለት ሳምንት አለቻት። መረቡ በማን ርዝመት እንደሚዘረጋ ዘንድሮስ ተጣርቷል ወይ አለች፤ መሐንዲሷ ሳታስበው ሳቀችና ተጣርቷል አለቻት። ከወዲያም አጭር ነገር ተሰማ፣ ሳቅ ይሁን ሳል ከሞተሩ ጋር ስለተቀላቀለ አይለይም። ውሃ ልክ ሳቅ እንዲሆን ተመኘ።

«እሱ» አለ ድምፁ፣ ቆም ብሎ፣ «እዚያ አለ?»

መሐንዲሷ ወደ መስኮቱ አየች። የነገራትን አልረሳችም። ከአፉ ሌላ ነገር ይወጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቀችው፣ ሲያቅማማ አይታ ጎንበስ አለች።

«እሱ እንኳ ወደ ሌላ…»

ውሃ ልክ ከመስኮቱ ተላቆ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ምን እንደሚላት አላዘጋጀም፣ ይቅር ትበለው አትበለው አያውቅም። ግን ጠይቃለች።

«አለሁ» አለ።

ከወዲያ በኩል ሞተሩ ጠፋ።